ሰውነት የሚጽፈው መዝገብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በወላጆች ፊት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ ስለ ምን እንደምንናገር በመካከላችን ብዙ ክርክር ሆነ። ገሚሱ ስለ ቡና ይሁን አለ፤ ገሚሱም ስለ ቱቱ ፈላና ስለ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮች። ሁለቱም የሚያኮሩ ናቸው። ነገር ግን እዚህ በተቀመጡት አባቶቻችን ፊት ቆሞ ስለ ቡና ማስተማር ድፍረት ነው፤ ስለ ትክል ድንጋዮቹም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከእኛ የሚሻሉ ሰዎች ብዙ ተናግረዋል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ሌት ተቀን ይዘነው የምንዞረውን፣ ነገር ግን እስክንታመም ድረስ የማናስበውን ጉዳይ መረጥን። ይኸውም ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ነው።

ከአንድ ቃል እንነሣ። «ክትባት» የሚለው ቃል «ከተበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ከተበ በግዕዝ ጻፈ ማለት ነው፤ ሰዎች በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ክታብም ከዚሁ ቃል የተወለደ ነው። አባቶቻችን ፈንጣጣን ለመከላከል ክንድን በስለት ጫር የሚያደርጉበትን ሥራ መከተብ ብለው ሲጠሩት ምናልባት በቆዳ ላይ የሚቀረውን ምልክት አይተው ይሆናል። ሆኖም ዛሬ ሳይንስ የደረሰበትን ስናነብ ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝለት አይችልም እንላለን። ክትባት በእርግጥ ጽሕፈት ነውና፤ የሚጻፈውም በቆዳ ላይ ሳይሆን በደምና በመቅኔ ውስጥ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ አጥሩን፣ ከዚያም ዘበኞቹን ማየት ያስፈልጋል።

ስለ አጥሩ ብዙ አንናገርም። ቆዳችን ሳይቀደድ እስካለ ድረስ አብዛኞቹ ረቂቅ ተሕዋስያን አያልፉትም። እንባና ምራቅ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አላቸው። በአፍንጫና በአየር ቧንቧ ውስጥ ያለው ንፍጥ አቧራውንና ተሕዋሲውን እንደ ሙጫ ይይዛል፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮችም ወደ ጉሮሮ ይጠርጉታል። ከምግብ ጋራ የገባውን ደግሞ የጨጓራ አሲድ ይቀበለዋል። ጢስ በሞላበት ቤት በሚውል ሰው ዘንድ እነዚያ ጠራጊ ፀጉሮች እንደሚዳከሙ በዚህ አጋጣሚ ብንጠቅስ፣ ምድጃቸው ከመኝታ ቤት ጋራ አንድ የሆነ እናቶች እንዳይቀየሙን እንለምናለን።

አጥሩ ሲጣስ ምን ይሆናል? በቡና ለቀማ ጊዜ እግሩን እሾህ ያልወጋው ተማሪ ከመካከላችን አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1882 ሜሲና በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ተቀምጦ ይመራመር የነበረ ሩሲያዊ ሊቅ፣ ኢልያ ሜችኒኮቭ፣ ይህንኑ ነገር በሌላ ፍጥረት ላይ አየው። የባሕር ኮከብ የምትባል እንስሳ ገና ጨቅላ ሳለች ሰውነቷ እንደ መስተዋት ብርሃን ያሳልፋል። ሜችኒኮቭ ከጽጌረዳ ላይ እሾህ ቀጥፎ በዚች ጨቅላ ሰውነት ውስጥ ሰካ። በማግስቱ ጧት በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ከየአቅጣጫው መጥተው እሾሁን ከበውት አገኘ። ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰውም ደም ውስጥ ያሉ ነጭ ሕዋሳት ወራሪውን እየዋጡ የሚያጠፉ ናቸው ብሎ ተከራከረ፤ ብዙ ሊቃውንትም ተቃወሙት። በመጨረሻ ግን እ.ኤ.አ. በ1908 ከጀርመናዊው ከፓውል ኤርሊክ ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ኩብ ሚሊሜትር ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ የሚደርሱ ነጭ ሕዋሳት ይገኛሉ። አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹ ተዋጊዎች ናቸው። ዕድሜያቸው እጅግ አጭር ነው፤ ስለዚህ መቅኔያችን እኛ ተኝተን እንኳ ሌሎችን ሲያመርት ያድራል። እሾህ በወጋን ቦታ የሚወጣው መግል በአመዛኙ የእነዚህ ወታደሮች ሬሳ ነው። መግል ያስቀይማል፤ እኛ ግን ይህን ካወቅን ወዲህ በሌላ ዓይን እናየዋለን።

በዚሁ ጊዜ ሁለት ሌሎች ነገሮች ይሆናሉ። የመጀመሪያው ትኩሳት ነው። ብዙ ሰው ትኩሳት የበሽታው ሥራ ይመስለዋል። ነገር ግን ሰውነት ራሱ ከአንጎል በሚወጣ ትእዛዝ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው ነው፤ ብዙ ተሕዋስያን በሙቀት እንደ ልባቸው አይራቡም፣ ዘበኞቹ ግን ይፈጥናሉ። ሁለተኛው እናቶቻችን ንፍፊት የሚሉት ነው። እግሩ የቆሰለ ልጅ በብሽሽቱ፣ ጉሮሮውን የታመመም በአንገቱ ሥር እብጠት ይወጣበታል። ያ ቦታ ጥበቃ ጣቢያ ነው። ነጭ ሕዋሳት ከወራሪው አካል ቁራጭ ይዘው ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ቁራጩንም ለሌላ ዓይነት ነጭ ሕዋሳት ያሳያሉ። እነዚህም ሊምፎሳይት ይባላሉ፤ የንግግራችን ዋና ጉዳይም እነርሱ ናቸው።

ሊምፎሳይቶች የሚወለዱት በመቅኔ ነው። ገሚሶቹ በዚያው ያድጋሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ ከደረት አጥንት ሥር ወዳለች ቲመስ ወደምትባል ዕጢ ሄደው ይሠለጥናሉ። እያንዳንዱ ሊምፎሳይት አንድ የተወሰነ ቅርጽ ብቻ ለይቶ እንዲያውቅ ሆኖ ተሠርቷል። አንዱ የኩፍኝን ቫይረስ ቁራጭ ያውቃል፤ ሌላው የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ፤ ሌላው ደግሞ ገና በምድር ላይ ያልተነሣ በሽታን ቅርጽ ያውቅ ይሆናል። ዓይነታቸው በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ነገር ግን ከየዓይነቱ ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው። ቅርጹ የገጠመለት ሊምፎሳይት በተገኘ ጊዜ ያ አንዱ መባዛት ይጀምራል።

ይህን ነገር መምህራችን ሲያስረዱን ብዙዎቻችን ግራ ገብቶን ሳለ ከገደብ በኩል የመጣ ጓደኛችን «ይህማ የእንሰት አሚቾ ነው» አለ። እውነቱን ነው። እንሰት የሚተክል ገበሬ ከጓሮው ካሉት ብዙ ዓይነቶች የሚፈልገውን አንዱን መርጦ አሚቾውን ያዘጋጃል፤ በአፈርም ይሸፍነዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያ ከአንዱ አሚቾ ብዙ ቡቃያ ይወጣል፤ ሁሉም ቁርጥ እናታቸውን ናቸው። ሰውነታችንም እንዲሁ ለዚያ በሽታ የሚስማማውን አንዱን ይመርጣል፤ ከእርሱም የሚመሳሰሉ ሺዎችን ያበቅላል። ልዩነቱ ሰውነት ወራትን አለመጠበቁ ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ከተባዙት ገሚሶቹ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን ንጥረ ነገር እያመረቱ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ይህም በወራሪው ላይ ተለጥፎ ያስረዋል። ሌሎቹ ደግሞ ቫይረስ የገባባቸውን የራሳችንን ሕዋሳት ፈልገው ይገድላሉ።

በሽታው ከተሸነፈ በኋላ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ይቀራሉ፤ ብዙ ዓመትም ይኖራሉ። ያን በሽታ ዳግመኛ ያገኙት እንደ ሆነ ሁለት ሳምንት አይፈጅባቸውም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥተው ታማሚው ሳያውቀው ያሸንፉታል። እኛ መዝገብ ያልነው ይህ ነው።

ይህ መዝገብ ምን ያህል እውነተኛ እንደ ሆነ የሚያሳይ ነገር ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ተፈጽሟል። ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በኦሞ ወንዝ ዙሪያና ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው አገር ቢጫ ወባ ገብቶ ነበር። 100 ሺህ ያህል ሰው እንደ ታመመና 30 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል፤ በአፍሪካ ከታወቁት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋ ነበር። በሽታውን ከዝንጀሮና ከጉሬዛ ወደ ሰው፣ ከሰውም ወደ ሰው ታስተላልፍ የነበረች አንዲት ትንኝ የምትራባው የት እንደ ሆነ ስናነብ ተገርመናል። በረግረግ ውስጥ አይደለም፤ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ሥር፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት እቅፍ ውስጥ በሚጠራቀም የዝናብ ውኃ ነበር። እኛን የሚመግበን ተክል ነው። እንሰትን መወንጀላችን ግን አይደለም።

ከዚያ ወረርሽኝ በኋላ አዲስ አበባ በነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ሊቃውንት ወደ አገሩ ወርደው ከሰዎች ደም ቀዱ። ያን ጊዜ በብዙ መንደር የሐኪም ወረቀት አልነበረም፤ ማን እንደ ታመመ የጻፈ ማንም አልነበረም። ደሙ ግን ጽፎት ነበር። ፀረ እንግዳ አካሉን እየፈለጉ በሽታው በየት በኩል እንዳለፈና የት እንዳልደረሰ ለዩ። አንድ ጊዜ በቢጫ ወባ ታሞ የዳነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይያዝም። ክትባቱን አንድ ጊዜ የተከተበም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው መዝገቡን ለማግኘት ሞትን ተጋፍጦ ማለፉ ነው።

መዝገቡ ለሁሉም በሽታ እኩል አይጻፍም። ወባን የሚያመጣው ተውሳክ መልኩን እየለዋወጠ ስለሚያታልል፣ በቆላ ተወልዶ ደጋግሞ የታመመ ሰው እንኳ ከሞት የሚያድን ጥቂት ልምድ ያገኛል እንጂ ፈጽሞ አይጠበቅም፤ ያም ቢሆን አገሩን ለቆ ጥቂት ዓመት ከቆየ ይጠፋበታል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ከነጭራሹ ያልተጻፈበት ሰው ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ወባ ከልማዱ ውጭ ወደ ወይና ደጋ ወጣ። ከፍታው ከ1600 እስከ 2150 ሜትር በሚደርስ አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። የወይና ደጋው ሰው ከቆላው ሰው የደከመ አልነበረም፤ ሰውነቱ ግን ጠላቱን አያውቀውም ነበር። ከቡሌ ወይም ከጮርሶ ደጋ ለሥራ ወደ አባያ ዳር የሚወርዱ ጎልማሶች ከቆላው ነዋሪ ይልቅ አጎበርና ምርመራ የሚያስፈልጋቸው በዚህ ምክንያት ነው። ኮሮናም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባና ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ ነገሩ ይኸው ነበር፤ በዓለም ላይ የዚያ በሽታ መዝገብ የነበረው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር።

እንግዲህ ሳይታመሙ መዝገቡን ማጻፍ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ የጥንት ሰዎች ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ሰዎች መልሱን ከአውሮፓ ሐኪሞች አልተዋሱትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረ ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ሰዎች ፈንጣጣ ቀለል ብሎ ከወጣበት ሰው ቁስል ፈሳሽ እየወሰዱ የጤነኛውን ክንድ በመብጣት እንዴት ያኖሩት እንደ ነበር ጽፎ ትቷል። ጥበቡ ትልቅ ነበር፤ አደጋውም ትልቅ ነበር። የሚያኖሩት ሕያው ፈንጣጣ ስለ ሆነ አንዳንዱ ሰው ይሞት ነበር፤ ከተከተበውም ሰው በሽታው ወደ ጎረቤት ይዛመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1796 ኤድዋርድ ጄነር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የላም ፈንጣጣ የያዛቸው አላቢዎች በሰው ፈንጣጣ እንደማይያዙ ሲነገር ሰምቶ፣ ከላሟ በሽታ ከተበ። አውሮፓውያን ክትባትን ቫክሲን የሚሉት ላም ከሚለው የላቲን ቃል አውጥተው ነው። እኛ ከመጻፍ አወጣነው። በዚህ በኩል አማርኛ ያሸንፋል ብንል እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን መምህር ይፈርዱልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

በጥር 1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። በዚያው በፈረንጆች ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ መንደር ለመንደር እየዞሩ የታመመውን ይፈልጋሉ፤ በዙሪያው ያሉትንም ሁሉ ይከትባሉ። ሁሉም በደስታ አልተቀበላቸውም፤ የቆየውን አከታተብ የሚመርጡ ብዙዎች ነበሩ። የሆነ ሆኖ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ፈንጣጣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በኩል ታየ፤ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያ በመርካ ከተማ የመጨረሻው ሰው በተፈጥሮ መንገድ ታመመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1972 ዓ.ም. በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። በዚሁ ዓመት የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በአገራችን ተጀመረ። ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ አያት ያላችሁ ተማሪዎች ትኖራላችሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት ያለው ልጅ ግን ከእንግዲህ አይወለድም።

ይህ ኃይል ሁልጊዜ አይሳሳትም ማለታችን እንዳልሆነ ባጭሩ እንናገር። አንዳንድ ጊዜ የአበባ ብናኝን እንደ ጠላት ቆጥሮ አስም ያስነሣል። በሥጋ ደዌም ነርቭን ከሚጎዳው ነገር ከፊሉ ባክቴሪያው ሳይሆን የራሱ የሰውነት ቁጣ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም መጀመሪያ የተነሣው ይህን ለማጥናት ነው። ኤች አይ ቪ ደግሞ የሚመርጠው ሌሎቹን ሊምፎሳይቶች የሚያዝዘውን አለቃ ነው፤ አለቃው ሲሞት ሠራዊቱ ሁሉ ይበተናል።

ሁሉም ነገር ተጽፎ ሳለ መዝገቡን የሚያቃጥል በሽታ እንዳለ ስናነብ ግን ከሁሉ ይልቅ ደነገጥን። ይህም ኩፍኝ ነው። ኩፍኝ በአገራችን ቤት ሁሉ የሚታወቅ፣ አንዳንዱም ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት ነው ብሎ የሚንቀው በሽታ ነው። ቫይረሱ ግን መዝገቡን በያዙት ሊምፎሳይቶች ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ ካልተከተቡ ልጆች መካከል ኩፍኝ የያዛቸው አስቀድሞ ከነበራቸው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ከመቶ ከ11 እስከ 73 እጅ እንደ ጠፋባቸው አሳይቷል። ልጁ ከኩፍኝ ይድናል፤ እናቱም ተመስገን ትላለች። ነገር ግን ሳንባ ምችንና ተቅማጥን ያሸነፈበት ያለፈው ልምዱ ተፍቆ፣ እንደ አራስ ሕፃን እንደገና ከሀ ይጀምራል። በኩፍኝ ሰበብ የሚሞቱ ብዙ ልጆች የሚሞቱት ሽፍታው ከጠፋ በኋላ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከሁሉ በሽታ ይልቅ የሚተላለፈውም እርሱ ነው። አንድ የታመመ ሰው ያልተከተቡ ሰዎች መካከል ቢቀመጥ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀበሌ እንዲጠበቅ ከ100 ልጆች 95ቱ መከተብ አለባቸው። 95ቱ ሲከተቡ ገና ለክትባት ያልደረሰው ሕፃንና በሌላ በሽታ ምክንያት ሊከተብ ያልቻለው በመካከላቸው ተሸሽጎ ይድናል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በነበረው መፈናቀል ቁጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ ተጠጋግቶ አድሯል፤ ከእኛም መካከል ያን ዘመን በሕፃንነቱ በዓይኑ ያየ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ሐኪሞች ከምግብና ከውኃ ጋራ የኩፍኝን ክትባት ይዘው የሚሮጡት በዚህ ምክንያት ነው።

የኩፍኝ ክትባት ለምን ልክ በተወለደ ጊዜ አይሰጥም ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። መልሱ የእናትን ክብር ከፍ የሚያደርግ ነው። እናት ልጇን በማኅፀን ሳለ ከራሷ መዝገብ ታበድረዋለች፤ ፀረ እንግዳ አካሏ በእትብቱ በኩል አልፎ ይሰጠዋል። ይህ ብድር እያለ የኩፍኝ ክትባት በደንብ አይጻፍም፤ ብድሩ ስለሚያጠፋው። በ9ኛው ወር ግን ብድሩ አልቆ ልጁ ራቁቱን ይቀራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው በ9 ወር ይሰጣል። በመጀመሪያው ያልያዘላቸው ጥቂቶች ስለሚኖሩ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ሁለተኛው በ15 ወር እንዲሰጥ ተደርጓል። ሁለተኛውን የሚረሱ ቤቶች ብዙዎች ናቸው፤ ልጁ በዚያ ጊዜ ይሮጣልና፣ የሚሮጥ ልጅ ወደ ጤና ኬላ ይዞ መሄድ ለእናት ያስቸግራል።

እናት የምታበድረው በእትብት ብቻ አይደለም። መልኩ ቢጫ የሆነው የመጀመሪያው ወተት፣ እንገር የምንለው፣ የሕፃኑን አንጀት የሚለብጥ ፀረ እንግዳ አካል የሞላበት ነው። በአንዳንድ ቤት ቆሻሻ ነው ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ በምትኩም ቅቤ ወይም ውኃ ለሕፃኑ ይሰጣል። ለላሟ ጥጃ እንገሩን የማይነፍግ ገበሬ ለራሱ ልጅ ሲደፋ ዝም ብሎ ማየቱ ይገርመናል። ልጁ ካደገም በኋላ ጽሕፈት ቀለም ይፈልጋል። ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፣ ከረሃብም አድኖናል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው። ከጎኑ ባቄላ፣ አይብ፣ ወተት ወይም እንቁላል ሲኖር ሌላ ምግብ ይሆናል።

አሁን ወደ ልባችን ጉዳይ እንምጣ። የመጀመሪያውን መርፌ ያስወጉ እናቶች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚተዉበት ምክንያት ምንድን ነው ብለን በየሰፈራችን ጠይቀን ነበር። የራቀ መንገድ ያሉ አሉ፤ የቡና ጊዜ ደርሶብኝ ነው ያሉም አሉ። ደጋግመን የሰማነው ግን «ልጄ ጤነኛ ነበር፣ መርፌው አተኮሰው» የሚለውን ነው። ቀደም ብለን ስለ ትኩሳት የተናገርነው ለዚህ ነበር። ያ መጠነኛ ትኩሳት አሚቾው ማቆጥቆጥ መጀመሩን የሚነግር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ከዚያ ያለፈ ወይም የበረታ ከሆነ ግን አገራችን የወባ አገር ናትና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ለአንዳንድ በሽታ መጀመሪያ የሚሰጠው መርፌ የሚጽፈው በእርሳስ ነው፤ የሚደገመው በቀለም ያደርገዋል። አንዱን ወስዶ ማቆም የገንዘብ ጉዳት የለውም፤ ክትባቱ በነጻ ነውና፤ ልጁ ግን በግማሽ ገጽ ይቀራል።

ሌላው የልጃገረዶች ክትባት ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ይህ ክትባት በ2011 ዓ.ም. በአገራችን 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ፤ ከዚያም ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ በአንድ መርፌ እንዲሆን ተደረገ። በምናውቀው በአንድ ትምህርት ቤት ክትባቱ በሚሰጥበት ቀን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ ልጃገረዶች ከክፍል ወጥተው ከቡናው ሥር ተሸሽገው ዋሉ። የክፍላችን ልጃገረዶች ስለዚህ ጉዳይ በእናቶቻቸው ፊት እንዲነገር አጥብቀው ስለ ጠየቁ እንናገራለን። ክትባቱ ማኅፀንን አይነካም። በውስጡ ሕያው ቫይረስ የለም፤ ያለው የቫይረሱ ባዶ ቅርፊት ነው፣ እንደ ተፈለፈለ ቡና ገለባ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ወደ ደም ሳይገባ በላይኛው የሰውነት ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር፣ ጸሐፊዎቹ ብዙ ጊዜ በደንብ አያዩትም፤ ቢያዩትም ደብዘዝ አድርገው ይጽፉታል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል፤ ያላጠፋባት ሴት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጆቿን በምታሳድግበት ዕድሜ፣ ካንሰር ሊሆንባት ይችላል። መርፌው ባዶውን ቅርፊት በቀጥታ በጸሐፊዎቹ ፊት ስለሚያቀርበው ጽሕፈቱ ከተፈጥሮው እጅግ የደመቀ ይሆናል። ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት መሆን ያለበትም ስለዚህ ነው። ማኅፀንን የሚያሳጣው በሽታው እንጂ መርፌው አይደለም።

 ከዚህ ቀጥሎ በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራችን ሁለት ማይክሮስኮፖች ተዘጋጅተዋል። በመስተዋቱ ላይ ያለው ከራሳችን ጣት የተወሰደ ደም ነው። ፈዘዝ ብለው በብዛት የሚታዩት ቀዮቹ ናቸው፤ በመካከላቸው አልፎ አልፎ ሐምራዊ ቀለም የያዙት ነጮቹ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ክብ ሆኖ ሆዱን በሙሉ ቀለም የሞላው ሊምፎሳይት ነው፤ ጥቂት ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ተቀምጠዋል፤ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶች የቀረ እንዳለ ያዩላችኋል፤ ካርዱ የጠፋባችሁም ብትሆኑ ቅረቡ። ሰልፉ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ነው።